ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ፦ የድሮ የእንግሊዝ ገበሬ ቤት እንዴት ተሠራ?

በደቡብ እንግሊዝ፣ ከቺቸስተር ከተማ ወጣ ብላ ሲንግልተን የምትባል መንደር አለች። እዚያ «ዊልድ ኤንድ ዳውንላንድ» የሚባል ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየም ስላችሁ መስታወት ውስጥ የተደረደረ ሳንቲምና ገንቦ እንዳይታያችሁ። ሜዳና ኮረብታ ላይ የቆሙ የድሮ ቤቶች ናቸው፤ ከየመንደራቸው ተነቅለው የመጡ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ቤይሊፍ የተባለው የገበሬ ቤት ነው። የመጀመሪያው ክፍሉ ከተሠራ 600 ዓመት ገደማ ሆኖታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ቤይሊፍ አዳራሽ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው መሬት ላይ ነው። ምድጃው፣ ጠረጴዛው፣ አግዳሚ ወንበሩ ይስበዋል። እኔ ግን ቀና በሉ ባይ ነኝ። ከላይ ኮርኒስ የለም፣ ደርብም የለም። ዓይናችሁ በቀጥታ ጣራው ድረስ ይሄዳል። እዚያ ያሉት ወራጆች ጠቁረዋል። ቀለም የነካቸው የለም፤ ጥቀርሻ ነው።

የገጠር ማጀት ጣራ ያየ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። ቤቱ ሲሠራ ጭስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ የሚነደው አዳራሹ መሐል፣ ወለሉ ላይ ነው። ጭሱ ሽቅብ ይወጣና ጣራው ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ በክዳኑ ስንጥቅና ጫፍና ጫፉ ላይ በተተዉ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይወጣል። መስኮቶቹም መስታወት አልነበራቸውም። ቀጥ ቀጥ ብለው የቆሙ የእንጨት ዘንጎችና ከውስጥ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ብቻ። መስታወት ውድ ስለነበር አቅም ያለው ሰው እንኳ እንደ ቤት ዕቃ ይቆጥረው ነበር፤ በኑዛዜ ላይ ለብቻው የሚጠቀስበት ጊዜ ነበር። በነገራችን ላይ እንግሊዞች መስኮትን የሚጠሩበት ቃል ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ነው። ትርጉሙ «የነፋስ ዓይን» ነው። ያለ መስታወት ላለ መስኮት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

የቤቱን ክፍሎች ለማስረዳት አማርኛችን ከማንም በላይ ይመቻል። አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ ጓዳ በሉት፤ አለቀ። መሐሉ አዳራሽ ነው፤ ከወለል እስከ ጣራ ክፍት። ሰው የሚበላው፣ የሚሠራው፣ እንግዳ የሚቀበለው እዚያ ነው። በአንደኛው ጫፍ የቤቱ ባለቤቶች እልፍኝ አለ፤ ከእሱም በላይ መኝታ የሚሆን ደርብ። በሌላው ጫፍ ሁለት ጓዳዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ የመጠጥ፣ አንዱ የዳቦ። የመጠጡን ጓዳ እንግሊዞች የሚጠሩበት ቃል፣ «በተሪ»፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ብዙ ሰው የቅቤ ማስቀመጫ ይመስለዋል። ከቅቤ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም፤ የመጣው ከበርሜልና ከጠርሙስ ነው። ጠላው የሚቀመጥበት ማለት ነው።

ይህ አደራደር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አዳራሹ ላይና ታች አለው። በጓዳው በኩል ያለው ጫፍ ታች ነው። በሮቹ ፊት ለፊት ተያይተው የቆሙት እዚያ ነው፤ ሰው የሚገባው፣ ንፋሱም የሚገባው በዚያ ነው። በእልፍኙ በኩል ያለው ጫፍ ላይ ነው። አባወራው ጀርባውን ለእልፍኙ ግድግዳ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ያያል። የመኳንንቱ አዳራሽ በትንሹ ተቀድቶ ገበሬ ቤት ገባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። «የገበሬ ቤት» ሲባል የምስኪን ጭሰኛ ቤት አይደለም። ዮማን የሚባሉ፣ ጌታም ሎሌም ያልሆኑ፣ ሰፊ መሬት የያዙ ሀብታም ገበሬዎች ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች የተነሡበት ጊዜ አሳዛኝ ነው። በ1348 እና በ1349 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ እንግሊዝ ገብቶ ከሕዝቡ ሲሦውን፣ ምናልባትም ግማሹን ጨረሰ። ለተረፈው ሰው መሬት በዛ፣ የጉልበት ዋጋም ጨመረ። በቀጣዮቹ ትውልዶች፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቆቹ አውራጃዎች በኬንትና በሰሴክስ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ተረፈው። ቤትም ሠራ። የደሃው ጎጆ ግን አልቆየም፤ ፈርሶ አፈር ሆኗል። ዛሬ «እንግሊዞች ድሮ እንዲህ ይኖሩ ነበር» የምንለው የነሱን የደህናዎቹን ኑሮ ነው።

ቤይሊፍ «ዊልደን» ከሚባለው ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው ዊልድ ከሚባለው፣ በኦክ ዛፍ ከበለጸገው የደቡብ ምሥራቅ አካባቢ ነው። ከውጭ ስታዩት አንድ ጊዜ ካወቃችሁት አይጠፋችሁም። ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉት ደርቦች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ወደ ፊት ይወጣሉ። መሐሉ አዳራሽ ስለሆነና ደርብ ስለሌለው ግድግዳው ወደ ውስጥ እንደገባ ይቀራል። ጣራው ግን አንድ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ መሐል ላይ ሲደርስ የጣራው ጠርዝ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከጎንና ከጎን የሚነሡ ቆልመም ያሉ እንጨቶች ደግፈው ይይዙታል። ማለትም ፊት ለፊት ቆማችሁ የውስጡን አከፋፈል ማንበብ ትችላላችሁ፤ የገባው አዳራሽ፣ የወጣው ደርብ።

ደርቡ ለምን ወደ ውጭ ይወጣል? አስጎብኚ ነን ባዮች የሚወዱት መልስ «የመንገድ ቦታ ለመቆጠብ» የሚለው ነው። ለከተማ ያስኬድ ይሆናል። ገጠር መሐል፣ ዙሪያው ሁሉ ሜዳ በሆነበት ግን ምን ቦታ ይቆጠባል? ከግንባታ አንጻር የሚሰጥ ምክንያት አለ። የወለሉ እንጨት ጫፉ ላይ የግድግዳ ሸክም ሲያርፍበት መሐሉ ላይ እንዳይረግብ ይረዳዋል። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሌላው ነው፤ ያምራል፣ ውድ ነው፣ ጎረቤት ያየዋል። ሀብታም ገበሬ የትም አገር ሀብታም ገበሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህን ቤት የሚያቆመው ግድግዳው አይደለም። ግድግዳውን በሙሉ ብትነቅሉት ቤቱ አይወድቅም። የሚያቆመው አጽሙ ነው፤ ቋሚዎች፣ አግዳሚዎች፣ ወራጆችና በየማዕዘኑ ገባ ያሉ ደጋፊዎች። የዛሬ ፎቅ በብረትና በኮንክሪት ዓምድ ቆሞ ብሎኬቱ መሙያ ብቻ እንደሚሆነው ማለት ነው።

እንጨቱ ኦክ ነው። የሚሠራውም እርጥቡን ነው። ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ አናጢ ሁሉ የደረቀ እንጨት ይፈልጋል ብለን ስለምናስብ። ኦክ ሲደርቅ ግን እንደ ብረት ይጠነክራል፤ በዚያ ዘመን መጥረቢያና መሮ ሊቀመስ አይችልም። ስለዚህ ዛፉ ይቆረጣል፣ ይጠረባል፣ ወዲያው ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ባለበት ሆኖ ለዓመታት ይደርቃል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። የድሮ ቤቶች ወለል እንደ ማዕበል፣ በራቸውም ጋደል ያለው አንዱ ለዚህ ነው። የሚያስደነግጠው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም፤ ቤቱ ገና በልጅነቱ ያመጣው ነው።

እርጥብ መሠራቱ ለዛሬ ተመራማሪዎች ትልቅ ውለታ ውሏል። የዛፍ ቀለበቶች ስፋት ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ዝናብ ባለው ዓመት ይሰፋል፣ በከፋው ዓመት ይጠባል። ያን ቅደም ተከተል ከሚታወቅ መዝገብ ጋር አስተያይቶ ዛፉ የተቆረጠበትን ጊዜ ማወቅ ይቻላል። እስከ ቅርፊቱ ያለው ጠርዝ ከተገኘ ዓመቱ ራሱ ይታወቃል፤ ካልተገኘ በዓመታት መካከል ይገመታል። ዛፉ እንደተቆረጠ ስለሚገጠም ደግሞ የተቆረጠበት ጊዜ ማለት ቤቱ የተሠራበት ጊዜ ነው። በዚህ መንገድ የቤይሊፍ አዳራሽና ጓዳዎች ከ1405 እስከ 1430 ባለው ጊዜ፣ እልፍኙ ያለበት ጫፍ ግን ከ1505 እስከ 1510 መሠራቱ ታውቋል። አንድ የሚመስለው ቤት መሐሉ ላይ የአንድ መቶ ዓመት ገደማ ልዩነት አለው።

ስንት ዛፍ ይፈጃል? የእንግሊዝን ደኖች ታሪክ ያጠናው ኦሊቨር ራክሃም ሰፎክ ውስጥ አንድ የገበሬ ቤት ላይ ያለውን እንጨት ቆጥሮ ወደ 330 ዛፍ አገኘ። አብዛኞቹ ግን ቀጫጭን ናቸው። ግዙፍ ዛፍ ተገንድሶ አልተሰነጠቀም፤ ለሚፈለገው ቋሚ የሚመጥን ውፍረት ያለው ዛፍ ተፈልጎ በአራት ጎን ተጠረበ እንጂ። ደኑም እንደ እርሻ ይያዝ ነበር። ትንንሾቹ ዛፎች ከሥራቸው ይቆረጣሉ፣ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ ልክ እንደ ባሕር ዛፍ።

አናጢው ሥራውን የሚጀምረው ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ላይ አይደለም፤ በራሱ ግቢ ነው። እንጨቶቹን መሬት ላይ አጋድሞ አንዱን በሌላው ላይ ያነባብራል። በሚገናኙበት ቦታ ይለካል። ከዚያ ወንዴውን በአንዱ ላይ ይጠርባል፣ ሴቴውን በሌላው ላይ ይቦረቡራል። እንጨቱ ጎርባጣ ስለሆነ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ የራሱ ልክ ነው። ያ ወንዴ ከዚያ ሴቴ ሌላ የትም አይገባም። ሁለት መቶ መገጣጠሚያ ያለው ሰው ታዲያ እንዴት ያስታውሳል? በመሮ ይጭራል። አንድ ጭረት ከአንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት ከሁለት ጭረት። የሮማ ቁጥር ይመስላል፤ ግን አራትን በአራት ጭረት ይጽፉታል። እንጨቱ በየትኛውም በኩል ቢገለበጥ ከስድስት ጋር እንዳይምታታ ይመስለኛል። እነዚህ ጭረቶች ዛሬም በየቤቱ ቋሚ ላይ ይታያሉ።

ከዚያ ሁሉም ተፈትቶ በጋሪ ይጫናል። ቦታው ላይ ሲደርስ ሰው ይሰበሰብና ይገጥመዋል፣ ያቆመዋል። ምስማር የለም። መገጣጠሚያው ላይ ቀዳዳ ይበሳና የእንጨት ችንካር ይመታበታል። እዚህ ጋ የምወዳት አንዲት ብልሃት አለች። የወንዴው ቀዳዳ ከሴቴው ቀዳዳ ጋር ሆን ተብሎ በትንሹ እንዳይገጥም ይደረጋል። ችንካሩ ሲገባ ቀዳዳዎቹን ለማገጣጠም ይታገላል፤ በዚህም ወንዴውን ስቦ ያጠብቀዋል። መዶሻው ሲመታ መገጣጠሚያው ራሱ ይቆልፋል።

ከሁሉም የሚከብደው የቋሚው አናት ነው። ወራጆች ሁለት ሆነው ሲደጋገፉ እግራቸው ወደ ውጭ መንሸራተት ይፈልጋል። ሁለት መጽሐፍ አደጋግፋችሁ ብታቆሙ ታዩታላችሁ። ይህ ግፊት ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘረጋ ከባድ አግዳሚ ያስፈልጋል፤ እንደ መቀነት ይይዘዋል። አስቸጋሪው ነገር ሦስት እንጨቶች አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ነው፤ ቋሚው፣ በግድግዳው አናት ርዝመቱን የሚሄደው፣ እና አግዳሚው። ቋሚው ለሁለቱም ቦታ መስጠት አለበት። ቀጭን አናት አይበቃም። መፍትሔው? ዛፉን ገልብጦ ማቆም። ሥሩ በኩል ያለው ወፍራም ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። ከዚያ ወፍራም አናት ላይ ሁለት ወንዴ ይወጣል፤ አንዱ ለግድግዳው፣ አንዱ ለአግዳሚው። አግዳሚው ደግሞ ከታች በኩል ወደ ጫፉ እየሰፋ በሚሄድ ጥርስ የግድግዳውን እንጨት ይነክሰዋል፤ ቢጎተትም አይወልቅም። የድሮ ቤት ውስጥ አናቱ ያበጠ ቋሚ ካያችሁ ዛፉ በጭንቅላቱ ቆሟል ማለት ነው።

አግዳሚው መሐል ላይ፣ ጣራው ሥር፣ አጭር ምሰሶ ይቆማል። «ክራውን ፖስት» ይሉታል። በጣራው ርዝመት የሚሄደውን እንጨት ተሸክሞ ወራጆቹ ወደ አንድ ጎን እንዳይተኙ ያደርጋል። ከእሱ እንደ ቅርንጫፍ አራት ደጋፊዎች ይወጣሉ። ለዓይን የሚያምረው ይኸው ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ በደንብ እንዲታይ ይደረግ ነበር። ይህ የደቡብ ምሥራቁ ዘዴ ነው። በምዕራብና በሰሜን ግን ሌላ ወግ አለ፤ ከመሬት እስከ ጣራው ጫፍ የሚደርሱ ሁለት ጎባጣ እንጨቶች፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዛፍ መሐል ለመሐል የተሰነጠቁ፣ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ይቆማሉ። የሚገርመው በኬንት በኩል ይህ የለም። ለምን እንደሌለ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

ግድግዳው? ጭቃ ነው። በቋሚዎቹ መሐል ቀጫጭን የኦክ ዘንግ ይቆማል፤ በእሱ ላይ እንደ ማገር የሄዝል ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ይጠለፋል። ከዚያ ጭቃው ከጭድና ከከብት እበት ጋር ይቦካና ከሁለት በኩል ይመረጋል፤ በላዩ ኖራ ይቀባል። እኛ ዘንድ ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ የኛው ጭቃ እንጨቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ የነሱ ግን በእንጨት መሐል ብቻ ይሞላል። ደግሞ የነሱ ቋሚ መሬት ውስጥ አይቀበርም። በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ይቆማል። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ቋሚያቸው የተቀበረ ቤቶች፣ በስብሰው ጠፍተዋል። እርጥበትን ማሸነፍ ነው የነበረባቸው፤ ምስጥ እንኳ አያሰጋቸውም።

አሁን ቤይሊፍ እንዴት ሜዳ ላይ እንደመጣ ይገባችኋል። ቤቱ የነበረው ኬንት ውስጥ ቺዲንግስቶን አጠገብ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦው ቢች የሚባል የውኃ ማጠራቀሚያ ሊሠራ ሸለቆው በውኃ እንዲሞላ ተወሰነ። ቤቱ ፈረሰ ማለት ግን አይቻልም፤ ተፈታ። ችንካሩ ተመትቶ ወጣ፣ እንጨቱ አንድ በአንድ ተለቀመ፣ ተጭኖ ወደ ሲንግልተን ሄደና እንደገና ተገጠመ። የድንጋይ ቤት እንዲህ አይሆንላችሁም። ሲገጣጠም ደግሞ ከኋላ ዘመን የገቡት ወለልና ጭስ ማውጫ ወጥተው፣ አዳራሹ ወደ ድሮ መልኩ ተመለሰ። ይህን የሚቃወሙም አሉ፤ የኋላው ዘመንም ታሪክ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ጣራው ድረስ ክፍት የሆነ አዳራሽ ቆሞ ማየት የሚቻልበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ እኔ ሙዚየሙን አልወቅስም።

እንደ ቤይሊፍ ያሉት ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል በ1500ዎቹና በ1600ዎቹ ተለውጠዋል። ምክንያቱ ጭስ ማውጫ ነው። ኤሴክስ ውስጥ ራድዊንተር የምትባል መንደር ቄስ የነበረው ዊልያም ሃሪሰን በ1577 ስለዘመኑ እንግሊዝ ጻፈ። በመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩት ለውጥ አንዱ የጭስ ማውጫ መብዛት እንደሆነ አጫውተውታል። ጡብ ተሠርቶ ጭሱ በአንድ መንገድ ሲወጣ አዳራሹን እስከ ጣራ ክፍት መተው ትርጉም አጣ። መሐል ላይ ወለል ገባና ደርብ ሆነ። ሰው ወደየክፍሉ ተበተነ። ቃሉም አብሮ ወረደ፤ ዛሬ እንግሊዞች «ሆል» የሚሉት በር ከፍታችሁ ስትገቡ ጃኬት የምትሰቅሉበትን ጠባብ መተላለፊያ ነው።

ጭስ ማውጫው አጠገብ ደግሞ አሮጌ ጫማ ይገኛል። ቀልድ አይደለም። ቤት የሚያድሱ ሰዎች በጡቡና በግድግዳው መሐል የተደበቀ ያረጀ ጫማ ያገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ብቻ። ኖርዛምፕተን ያለው ሙዚየም የተገኙትን ይመዘግባል። ጭስ ማውጫ ሁሌ ክፍት የሆነ ቀዳዳ ነው፤ በእሱ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ የተደረገ ነው ብለው የሚገምቱ ብዙ ናቸው። የቤቱ ሰዎች ራሳቸው ግን ምክንያቱን ጽፈው አልተዉም።

ስለ እነዚህ ቤቶች የሚወራ ሁለት ነገር አትመኑ። አንደኛው «እንጨቱ ከድሮ መርከብ የተነቀለ ነው» የሚለው ነው። በየመጠጥ ቤቱ ይወራል፤ ማስረጃው ሥራ የፈታ ቀዳዳ ያለበት እንጨት መኖሩ ነው። ቀዳዳው ያለው እንጨቱ ከሌላ ቤት ስለመጣ ወይም በዚያው ቤት ውስጥ የነበረ ግድግዳ ስለተነቀለ ነው። ከባሕር ርቆ ላለ መንደር የመርከብ እንጨት ማን ይጭናል? ደኑ እዚያው ደጅ እያለ። ሁለተኛው ነጭና ጥቁሩ ቀለም ነው። እንጨቱን ጥቁር መቀባት በአብዛኛው የ1800ዎቹ ፋሽን ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኦኩ ምንም ሳይቀባ ይተዋል፤ በፀሐይና በዝናብ ብርማ ግራጫ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ እንጨቱም ጭቃውም አንድ ላይ ኖራ ይቀባ ነበር።

ቤቶቹን ከእሳትና ከጊዜ ይልቅ የጎዳቸው ሲሚንቶ ነው ብል አላጋንንም። ጭቃና ኖራ ይተነፍሳሉ፤ የገባውን እርጥበት መልሰው ያስወጣሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ጠንካራ ይሻላል ብለው ሲሚንቶ ለጠፉበት። እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም፤ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል። ውኃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ከውጭ ግድግዳው ያምራል፤ ከውስጥ የመሠረቱ እንጨት እንደ ኬክ ይፈረፈራል። አሁን አዋቂ አናጢ መጀመሪያ የሚያደርገው ሲሚንቶውን ማራገፍ ነው። ከዚያ የበሰበሰውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ አዲስ እርጥብ ኦክ በአሮጌው ላይ ይቀጥላል፤ ወንዴና ሴቴ፣ በችንካር።

ኬንት ውስጥ ቀይ ጡብ ፊት ያላቸው፣ መስኮታቸው የተስተካከለ፣ የ1700ዎቹ የሚመስሉ ቤቶች ሞልተዋል። ብዙዎቹ ጡባቸው የኋላ ልብስ ነው። ባለቤቱ የሚፈስ ቧንቧ ሊያይ ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ላይ ሲወጣ ወራጆቹ ከሰል መስለው ያገኛቸዋል። በጣቱ ቢነካቸው ጥቁር ይሆናል።